በራሱ ዙሪያ ያለው ቀይ

ደባርቅ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም

ለእትዬ አመተ ማርያም፣
አምቢኮ

እንዴት ሰነበቱ እትዬ? እኔ ተመስገን ደህና ነኝ። ደባርቅም ብርዷን ለብሳ እንደ ወትሮዋ አለች። መልሴ የዘገየው በስንፍና እንዳይመስልዎ። ኔትወርኩ አልመለስ ካለ ወዲህ ወደ እናንተ አገር የሚሄደው ወረቀት ሁሉ ባለበቅሎው ገዱ ላይ ነው የሚጫነው። ትናንት ፎቶ ቤቴ መጥቶ፣ በቅሎዬን ፖስታ ቤት አደረጋችኋት፣ ደመወዟን ማን ነው የሚከፍላት እያለ ሲያማርር ነበር።

ወደ ጥያቄዎ ልምጣ፤ ዞር ዞር ብል እርስዎ አይለቁኝም። «በልጄ ራስ ዙሪያ ያነደድክበት እሳት ምንድን ነው?» ብለው ጽፈዋል። እውነቴን ነው፣ አንብቤ ስጨርስ ሱቁን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ፎቶውን ለአርባው የላክሁት ላጽናናዎ ብዬ ነበር። ማጽናናት የማያውቅ ሰው ዝም ቢል ይሻለው ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ።

እሳት አይደለም እትዬ። ለስካውቶቹ፣ ለፓርኩ ጠባቂዎች፣ የመታወቂያ ፎቶ ላነሳ ሳንቃ በር ወጥቼ ነበር። ከመካከላቸው ልጅዎን እንዳለውን ያነሳሁት ሥራዬን ጨርሼ፣ ለዓይን ሲይዝ፣ ለራሴ ደስታ ነው። በማግስቱ ንጋት በጉም ገደሉ እንደሚወስደው ማን ያውቃል። የካምፑ የሶላር መብራት ከራሱ በስተኋላ ይበራ ነበር። በካሜራዬ ውስጥ የነበረው ደግሞ አንድ እንግዳ ትቶልኝ የሄደ የሲኒማ ፊልም ነው። የዚህ ዓይነቱ ፊልም ከጀርባው ጥቁር ቅብ አለው፤ አልፎ የመጣውን ብርሃን የሚውጥለት እሱ ነው። የኔው ግን ለፎቶ እንዲመች ተብሎ ቅቡ አስቀድሞ የታጠበ ነው። ቅቡ ከሌለ ኃይለኛ ብርሃን ፊልሙን ዘልቆ ይሄድና ከኋላ ያለውን መትቶ ይመለሳል። ዶፍ ዝናብ ጠንካራ መሬት ሲመታ ተመልሶ የቀሚስ ጫፍ እንደሚያቆሽሸው ማለት ነው። ከፊልሙ ንብርብሮች የታችኛው ቀይን የሚቀበለው ስለሆነ፣ የተመለሰው ብርሃን መጀመሪያ የሚነካው እሱን ነው። ቀዩ ይኸው ነው፤ መብራት ባለበት ሁሉ ይወጣል። የሆቴል አምፖል ባነሳም ይኸው ቀይ ይከበዋል።

በዚያ ቀን ካነሳሁት ሁለቱ ጥሩ ወጥተዋል። ከሁለቱ መርጬ ነበር የላክሁልዎ፤ ምርጫዬ ባይሰምርም።

እግዚአብሔር ልብዎን ያጽናልዎ።

ያርጋል

•

አምቢኮ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2017 ዓ.ም

ለልጄ ለያርጋል፣

ሰላም ላንተ ይሁን። እኔ አለሁ፤ ካሉት ጋር እቆጠራለሁ። ጤናዬን አትጠይቀኝ፣ ጤናዬ የኔ ጉዳይ ነው።

ስለ ዝናቡ የጻፍኸው ገብቶኛል። ቅብ ምን እንደሆነ ግን ልታስረዳኝ አትድከም። አባቴ አለቃ ሃብተ ጊዮርጊስ ሠዓሊ ነበሩ፤ የዚህን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሲሥሉ ቀለሙን እየፈጨሁ ያቀበልኋቸው እኔ ነኝ። ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ፊደሉንም ዳዊቱንም ለኔ አስተማሩኝ፤ ይኸው ላንተም በገዛ እጄ እጽፋለሁ። ስለዚህ የጻፍሁልህን እንደ አሮጊት ወሬ አትቁጠረው።

አባቴ ጻድቁን ፊት ለፊት ነበር የሚሥሉት፤ በሁለት ዓይኑ ያይሃል። ይሁዳን፣ ጭፍሮቹን፣ ሲኦል የወረደውን ሁሉ ደግሞ በጎኑ ይሥሉታል፤ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው። ልጅ ሆኜ ሁለተኛው ዓይኑ የት ሄደ ብዬ ጠየቅኋቸው። ብሩሻቸውን ሳያቆሙ «ፊቱን ያዞረ ሰው ሁለተኛውን ዓይን ማን ያይለታል?» አሉኝ። የቅዱሳኑን አክሊል በብጫ ነበር የሚቀቡት። ቀዩን ለእሳቱ ያስቀምጡት ነበር፤ ውድ ስለነበረ ለሌላ አያባክኑትም።

እንግዲህ ፎቶህን ፊትህ አድርገህ በኔ ዓይን ተመልከተው። ልጄ በጎኑ ቆሟል። አንድ ዓይን አለው። ራሱ በቀይ ተከቧል።

ከአርባው ማግስት ጀምሮ በጸሎት ስሙን መጥራት ተስኖኛል። የሞቱብኝን አንድ በአንድ እጠራለሁ፤ አባቴን፣ እናቴን፣ ባሌን። እሱ ጋ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። ተፈርዶበት ከሆነ በምን አፌ ልለምንለት? ነሐሴ ላይ ሙት ዓመቱ ይደርሳል። ካህናቱ የክርስትና ስሙን አምጪ ይሉኛል፤ ያለ ስም ጸሎት የለም። የዛን ለት ዝም ያልሁ እንደሆን፣ የወለድሁት እኔው ሳስረሳው ነው።

ሁለቱ ጥሩ ወጥተዋል ብለሃል። ሁለተኛውን ላክልኝ። ሁለቱንም ዓይኑን ልየው፤ ሌላ አልፈልግም። ያን ለት ምን እንዳለህም ጻፍልኝ።

አመተ ማርያም

•

ደባርቅ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም

ለእትዬ አመተ ማርያም፣

እጅ ነስቻለሁ። ገዱ የላኩልኝን ባቄላ አድርሶልኛል። ተቆጥተውኝ እያሉ ስንቅ መላክዎ ይበልጥ አሳፈረኝ፤ ይህንንም ሆን ብለው ያደረጉት ይመስለኛል።

ነፍሳቸውን ይማርና የአባትዎ ሕግ ለግድግዳ ነው እትዬ። ካሜራ ሕግ የለውም። ፎቶ ቤቴ የሚመጡ ሙሽሮች ጎናችንን ካላነሳኸን ብለው ይጣሉኛል፤ በጎን ፊታችን ይረዝማል ይላሉ። የደብራችንን አስተዳዳሪ እንኳ ለጥምቀት በጎናቸው አንስቻቸዋለሁ፤ ፎቶው ሳሎናቸው ተሰቅሏል። እኔ ራሴ በዚህ አፍንጫዬ በጎኔ ብነሳ ከይሁዳም የባስኩ ነኝ። በዚህ ሁሉ ላይ መፍረድ ካለ ደባርቅ የዳነ ሰው አይገኝም።

ምን አለህ ላሉት፣ ብዙ አልተናገረም። ብርዱን አማን። ስለ በጎችዎ አነሳ። ከጦርነቱ ዓመት ወዲህ ዝምተኛ እንደሆነ ያውቃሉ፤ ዳባት በኩል ሬሳ ሲያነሳ ሰንብቶ ከመጣ በኋላ ከማንም ጋር ብዙ አያወራም ነበር።

ሁለተኛው ፎቶ ሲታጠብ ተበላሽቷል። ውሃው ሞቆብኝ ነው፤ ፊት አይለይበትም። በምትኩ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲጨርስ እዚሁ ያነሳሁትን ልኬልዎታለሁ። ፊት ለፊት ነው፣ ፈገግ ብሏል፣ ሁለቱም ዓይኖቹ አሉ። እንዳለው ይህ ነው ብለው ይያዙልኝ።

ምግብ እንደማይቀምሱ፣ በረቱ ደጅም አንድ ነገር እንደሚያዩ ገዱ ነግሮኛል፤ ምንድን ነው የሚያዩት? እባክዎ።

ያርጋል

•

አምቢኮ፣ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም

ለልጄ ለያርጋል፣

እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ አደረሰህ።

የተማሪ ቤቱን ፎቶ መልሼልሃለሁ። ቆንጆ ነው፤ ግን እሱ የሌላ ጊዜ ልጅ ነው። ጦርነቱን ያላየ ልጅ ነው። አባቴ ሰውን የሚሥሉት በአጨራረሱ ነው እንጂ በአጀማመሩ አይደለም። ይሁዳም ሐዋርያ ነበር።

ስለማየው ነገር ጠይቀኸኛል፤ ገዱ አፉን አይጠብቅም ማለት ነው። አዎ፣ አየዋለሁ። በጎቹን ወደ በረት ሳስገባ ከበሩ ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ፤ እንደ ፎቶህ በጎኑ ሆኖ፣ ሽቅብ ወደ ሳንቃ በር እያየ። በጎቹ አይደነግጡም፣ በእግሩ ሥር ያልፋሉ። መጀመሪያ ለት ሌላውን የፊቱን ወገን ላይ ብዬ ዞርሁ። አብሮኝ ዞረ። በቀኝ ብሄድ በግራ ብሄድ የማየው ያንኑ አንድ ዓይን ነው። ልጄን እፈራዋለሁ፤ ይህን መጻፍ ለእናት ምን እንደሆነ አንተ አታውቀውም። አሁን እሱ ሳይመጣ ብዬ በጎቹን ገና በፀሐይ አስገባቸዋለሁ። ጎረቤት ያረጀች ሴት ቀኑ የመሸባት ይመስላታል ብለው ይስቁብኛል።

ሌላም ነገር ልንገርህ። በጥቅምት ጥሩ ወጥቷል አልኸኝ፤ በኅዳር ሲታጠብ ተበላሽቷል አልኸኝ። ታጥቦ ጥሩ የወጣ ነገር እንደገና የሚታጠበው ለምንድን ነው? ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። ያንተ ደግሞ ሁለት ወርም አልቆየ።

አልተቀየምሁህም። ግን እወቀው ብዬ ነው።

አመተ ማርያም

•

ደባርቅ፣ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም

ለእትዬ አመተ ማርያም፣

ይዘውኛል። ከሠዓሊ ልጅ ጋር የቀለም ክርክር መግጠም አልነበረብኝም።

ፎቶው አለ። አልተበላሸም። እንዲያውም በዚያ ፊልም ካነሳሁት ሁሉ እንደሱ ጥርት ብሎ የወጣ የለም። ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። ግን ልልክልዎ አልችልም። ለምን ቢሉኝ ለናት የሚታይ ፊት አይደለም፤ ከዚህ በላይ አያስጨንቁኝ። ስለ ዓይኑ ከሆነ ምስክር እሆንልዎታለሁ። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ፣ መስቀል ይዤ፣ ሁለት ዓይን አለው ብዬ እምላለሁ። ይህ አይበቃም?

ስካውቱ አለነ ባለፈው ሳምንት ከሳንቃ በር በፈቃድ ወርዶ ነበር። ከስካውቶቹ ለእንዳለው ቅርቡ እሱ ስለነበረ፣ እርስዎን እንዲያግባባልኝ ለመንኩት። ስምዎን ስጠራ መሬት መሬት ያያል። በመካከላችሁ ምን እንዳለ አላውቅም። ጠይቄው ሻዩን ሳይጨርስ ተነስቶ ሄደ።

እኔም ስለ ራሴ ከጠየቁ፣ የዚያን ፎቶ ኔጌቲቭ በማላዘወትረው መሳቢያ ነው ያስቀመጥኩት። እንግዳ ሲኖር እረሳዋለሁ። ብቻዬን ስሆን መሳቢያው ያለበትን ጎን እሸሻለሁ፤ በገዛ ሱቄ ግድግዳ ተደግፌ ነው የምሄደው። እንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር ወደ እርስዎ ቤት እንዴት ልላክ?

ያርጋል

•

አምቢኮ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም

ለያርጋል፣

እንኳን ለትንሣኤው አደረሰህ።

በመጋቢት የጻፍኸው ደብዳቤ ደርሶኛል፤ ግን የገዱ በቅሎ ወንዝ ውስጥ ተኝታበት ቀለሙ ሁሉ ሄዷል። ያነበብሁት «ከማየት አለማየት» የምትለዋን ብቻ ነው። የቀረውን ከሷ ገምቼዋለሁ።

ስማኝ። ከገደሉ ሥር አውጥተው በቃሬዛ ሲያመጡትም ሲገንዙትም አላስቀረቡኝም። ፊቱን አላሳዩኝም። ለእኔ አዝነው ነው፤ እንዳንተው። ሁሉም እያዘነልኝ ልጄን ሳላይ ቀበርሁት። የመጨረሻ ፊቱ ያለው አንተ መሳቢያ ውስጥ ብቻ ነው፤ እኔ ዘንድ ያለው ጎኑ ነው። ያልኸው ምስክርነት አይበቃኝም። መስቀል ይዘህ ብትምል እኔ በረቱ በር ላይ የማየው ያንተን መሐላ አይደለም።

የወለድሁት እኔ ነኝ። ምንም ዓይነት ፊት ቢሆን ከኔ ነው የወጣው። ላክልኝ።

አመተ ማርያም

•

ደባርቅ፣ ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም

ለእትዬ አመተ ማርያም፣

ይኸው ልኬዋለሁ። በሁለት ላስቲክ ጠቅልዬ፣ ከገዱ ደረት ኪስ እንጂ ከበቅሎዋ ጭነት እንዳይገባ አስምዬዋለሁ። ከመክፈትዎ በፊት ግን ይህን ያንብቡልኝ።

መጀመሪያ የደረሰዎት ፎቶ እሱ ሳያውቅ ያነሳሁት ነው። ወደ ገደሉ አፋፍ እያየ ቆሞ ነበር። ካሜራው ሲጮህ ሰምቶ ዞረና «አንዱን ደግሞ ለእናቴ አንሳልኝ» አለኝ። ቆቡን አወለቀ፣ የኮቱን አንገት አስተካከለ። ብርሃኑ ስላነሰ እንዳትነቃነቅ አልኩት። አልተነቃነቀም፤ ድንጋይ እንኳ እንደሱ አይቆምም። ከዚያ አመስግኖኝ ወደ ማደሪያቸው ገባ። የነገረኝ ይኸው ነው፤ ብርዱን አማን ያልኩትም ውሸት አይደለም፣ ግን ከዚያ በፊት ነው።

ሲያዩት ፊቱ ላይ እንባ አለ። ፊቱ አልተጨማደደም፣ አይነፋረቅም፤ ዝም ብሎ ይወርዳል። እኔ ያን ለት ንፋሱ ነው ብዬ አለፍኩት፤ የሳንቃ በር ንፋስ የማያስለቅሰው ሰው የለም። ፊልሙን ሳጥበው ነው ንፋስ አለመሆኑ የታየኝ። ሊሰናበትዎ ነበር የተነሳው። እርስዎ ስለወተወቱኝ ጻፍኩት እንጂ ለማንም አልተናገርኩም።

አዳልጦት ወደቀ ተብሎ ነው የተቀበረው። ፍትሐት ተደርጎለታል። ራሱን ለጣለ ሰው ካህን እንደማይቆም ከኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ይህ ፎቶ አንዱ ዓይን ውስጥ ቢገባ ለሙት ዓመቱ የሚጸልይለት ይጠፋ ይሆናል ብዬ ነው የፈራሁት። ከሁሉ በላይ የፈራሁት ግን እርስዎ እንዳያውቁ ነበር። ለእርስዎ የተነሳውን ደብቄ ለእርስዎ ያልተነሳውን ላክሁ፤ ያመመኝ ይህ ነው።

ቀዩ በዚህኛውም አለ። እሱን እንኳ አይፍሩት።

አይተው ቢያቃጥሉት ይሻላል እላለሁ። ኔጌቲቩን ምን ላድርገው? ያሉኝን አደርጋለሁ።

ያርጋል

•

አምቢኮ፣ ሐምሌ 21 ቀን 2017 ዓ.ም

ለልጄ ለያርጋል፣

ሰላምታዬ ካለሁበት ይድረስህ። ክረምቱ ገብቶ መንገዱ ስለተበላሸ ገዱን ሳገኝ ነው የምጽፍልህ። በሶ በጥብጬ ጠጥቻለሁ፤ ይህን ቀድሜ የነገርሁህ ደብዳቤውን በሰላም እንድታነብ ነው።

ፎቶውን ደጅ ወጥቼ በፀሐይ አየሁት። ሁለቱንም ዓይኑን አየሁ። ግራው ዱሮም ከቀኙ ትንሽ ይጠብ ነበር፤ ያንን ረስቼው ነበር፣ እናት ሆኜ ረስቼው ነበር። እንባውንም አየሁ። ቀዩ አላስፈራኝም። ዝናብ ነው ብለኸኛል፣ ዝናብ ነው።

አሁን እኔም ያልነገርሁህን ልንገርህ። ከኔ የደበቅኸውን ነገር ካንተ በፊት አውቀው ነበር። ሬሳውን ያመጡ ለት አለነ ለብቻዬ ጠርቶ ከጋቢው ሥር የልጄን ጫማ አውጥቶ ሰጠኝ። ከገደሉ አፋፍ፣ ከዛፍ ሥር፣ ጎን ለጎን ተቀምጦ ነው ያገኘው። ካልሲዎቹ ተጣጥፈው ውስጡ ገብተዋል። ያዳለጠው ሰው ጫማ አያወልቅም። አለነ ለማንም ትንፍሽ አላለም፤ እኔም አላልሁ፤ ካህናቱ እንዳይቀሩበት ብዬ። ስሜን ስትጠራበት መሬት መሬት ያየው ለዚህ ነው፤ አትቀየመው።

ቀብሬው፣ ዝም ብዬ፣ ማንም አያውቅም ብዬ ተቀምጬ እያለሁ ያንተ ፎቶ መጣ። በጎኑ ሆኖ፣ በአንድ ዓይኑ፣ ቀይ ውስጥ። እኔና አለነ ብቻ የምናውቀውን ነገር ፎቶህ ያወቀው መሰለኝ። ያስበረገገኝ የአባቴ ሕግ ብቻ አልነበረም። ሰው ያልፈረደበትን ሌላ ፈረደበት ብዬ ነው።

በረቱ በር ላይ አሁንም ይመጣል። አሁን ፊት ለፊት ነው የሚቆመው። ይሻላል አልልህም፤ በአንድ ዓይን ሲያዩና በሁለት ሲያዩ አንድ አይደለም። ግን በጎቼን በጊዜያቸው ማስገባት ጀምሬያለሁ። ይቁም። ደጁ ነው።

ባለፈው እሑድ ጫማውንና ፎቶውን በነጠላዬ ጠቅልዬ ወደ ነፍስ አባታችን ወደ መምሬ ፍቅረ ሥላሴ ሄድሁ። ደብቄ ስሙን ባስጠራ ጸሎቱ ስርቆት ይሆንብኛል። ነግሬ ቢከለክሉኝም ልጄን የከለከለው ሕጉ ነው፤ ምላሴ አይደለም። ይህን አስቤ ነው የሄድሁ። እግሬ ግን በየድንጋዩ ተመለሽ ይለኝ ነበር።

ሁሉንም ነገርኋቸው። ከዳባት እንቅልፍ አጥቶ መመለሱን፣ በየጠበሉ ወስጄው አለመሻሉን፣ ጫማውን፣ እንባውን። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ፎቶውን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ፤ አንዴ እኔን አንዴ እሱን አዩ። ከዚያ መልሰው ሰጡኝና ጫማውን አንስተው ከመሬት ላይ እንደነበረው ጎን ለጎን አስቀመጡት። እኔም እንግዲህ ተቆርጧል ብዬ ነጠላዬን ሰብስቤ ተነሳሁ።

«ለሙት ዓመቱ የክርስትና ስሙን ማን ብዬ ልጥራ?» አሉኝ።

እሱን ያጠመቁት እሳቸው ናቸው፤ ስሙን ያወጡለትም እሳቸው ናቸው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ሲያቆርቡት በዚያ ስም ነው የጠሩት። ረስተውት አይደለም። ከኔ አፍ እንዲወጣ ጠበቁኝ።

ተክለ ማርያም አልኋቸው።

አመተ ማርያም